ሰከን እስክትመለስ

ጥቅምት 5

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? «ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን በአካል ተያይተን ስለማናውቅ ናፍቆቱ ውሸት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ስለዚህ እንዲያው ደህና ነኝ። አባዬ ግን ከልቡ ይናፍቅዎታል። «የአጎቴ ልጅ ብሎን» ሳይል የሚውልበት ቀን የለም። ልጆች ሳላችሁ የበሩን ማጠፊያ ብሎን በብሎን ፈትተው በሩ እንግዳ ላይ እንደወደቀ ሲያወራ ሳቁ ሳል ይሆንበታል። ፈጣሪ እጅዎን ይባርክ፤ ያኔ በፈቱበት እጅ ዛሬ በሰው አገር የሰው ሊፍት እያጠበቁ ይኖሩበታል።

«የሥራውን በሥራ መስመር፣ የዘመዱን በደብዳቤ» ስላሉኝ ይኸው ደብዳቤ። ሥራ ከጀመርኩ ሳምንት ሆነኝ። ኮምፒዩተሬ የተቀመጠው እማዬ ልብስ በምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከስፌት መኪናዋ ጎን ነው። እሷ መኪናውን ስትረግጥ ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል፤ ደንበኞችዎ ሁሉ ብርድ ብርድ ያላቸው ይመስላሉ። «ሥራሽ ስሙ ማነው?» አለችኝ። «ቨርቹዋል አሲስታንት» አልኳት። መቀሷን አስቀመጠች። «በሩቁ ሆና ደብዳቤ የምትመልስ፣ ቀጠሮ የምትይዝ» ስላት፣ «ታዲያ ጸሐፊ አትይኝም! ያስደነገጥሽኝ» አለች።

በቦታዋ የተተካሁላት ሰከን ከመሄዷ በፊት ሁሉንም አንድ በአንድ አሳይታኛለች። እርግዝናው ከብዷት፣ ሐኪሙ እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትነሳ ማዘዙን እየነገረችኝ እንኳ ድምፅዋ አልተለወጠም። «ሊፍት የቆመበት ሰው ተቆጥቶ ይጽፋል። የተቆጣው ሊፍቱን ነው፤ አንቺ ረጋ በዪ» አለችኝ። ሰከን ያሏት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኔን ቤተሰቡ «ቶሎ» የሚለኝ ለምን እንደሆነ ደግሞ እሷም ሳይገባት አይቀርም፤ ገና ሳትጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» እያልኩ አስቸገርኳት።

የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ሁሉም የሚወጣው በእርስዎ ስም ነው። ደንበኞቹ ሰከን የምትባል ሰው መኖሯን አያውቁም፤ እኔንም አያውቁኝም። ትናንት በእርስዎ ስም ይቅርታ ጠየቅኩ፣ በእርስዎ ስም ቀጠሮ ሰጠሁ፣ አንዱን ደግሞ በእርስዎ ስም በጨዋ ደንብ ገሠጽኩት። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቴ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሊፍት ጠጋኝ ሆኜ ዋልኩ።

ፈቃዷ ግን እስከ መቼ ነው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አክባሪዎ፣ የአጎትዎ ልጅ ልጅ፣
ቶሎ


ጥቅምት 28

ለልጄ ለቶሎ፣

አባትሽ፣ እናትሽ፣ የስፌት መኪናው ሳይቀር እንዴት ናችሁ? እኔ አለሁ፤ ትንሽ ወገቤን ነው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ሰንፌ እንዳይመስልሽ። አሥራ ስምንት ፎቅ ያለው ሕንፃ የሊፍቱን የብረት ገመድ እንዳለ ቀየርንለት፤ ማታ ቤት ስገባ እጄ ማንኪያ እንኳ አልይዝ ይል ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያ ፂማሙ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ማክሰኞ ዕለት እጄን ይዞ አልለቅም አለ። «የእናቴን ጉልበት እንዴት ብለህ አስታወስክ!» ይለኛል። እኔ እንኳን የእናቱን ጉልበት የእሱንም ስም አላውቅም። ለካ አንቺ ነሽ፤ በእኔ ስም «ቤተሰብ እንዴት ነው?» ብለሽው፣ እሱ የእናቱን ሕመም ጽፎልሽ፣ አንቺ ደግሞ በሳምንቱ «ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ?» ብለሽዋል። ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው ስለ ሊፍት ሲጽፍ ስለ ሊፍት ብቻ ነው የሚጽፈው። ቢሆንም ተይው፤ ሰውየው ደስ ብሎታል። ግን ከአሁን በኋላ ስለማን ምን እንደጠየቅሽ ሹክ በዪኝ፤ አፌን ከፍቼ አልቁም።

በተረፈ በየደብዳቤው አትጠይቂኝ። ጉድጓድ ውስጥ፣ ከሊፍቱ ሆድ ሥር ተኝቼ ስልክ አላነሳም። ሰው ሊፍት ውስጥ ከተቆለፈበት ደውይ። ለሌላው፣ እኔ የምለው መስሎ የታየሽን ጻፊ። ሰከን አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የሠራችው። በዚህ አገር ቋንቋ ስጽፍ ከሁለት ቃል አላልፍም፦ «መጣሁ» እና «ተሠራ»። ከዚያ የረዘመ ነገር በስሜ ካየሽ የእሷ ነው።

የፈቃዱን ነገር እናያለን። ለአባትሽ ያልኩትንም አልረሳሁም።

ዕድሜና ትዕግሥት ይስጥሽ። ዕድሜው እንኳ አለሽ፤ ትዕግሥቱን ያብዛልሽ።

ጋሼሽ


ኅዳር 20

ለተከበሩ ጋሼ፣

ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? አባዬ «ብሎን ወገቤን ካለ እውነት አሞታል፤ ሰውየው ጥርሱ ሲነቀል እንኳ ደህና ነኝ የሚል ነው» ብሎ ተጨንቋል። ምን እንዳሉት ስጠይቀው ግን ፈገግ ብሎ ጋዜጣውን ያነሳል። ምን ብለውት ነው?

ሥራው ሰምሮልኛል። የተጠራቀመውን ሁሉ ጨርሻለሁ። እርስዎ ጠዋት አንድ ጫፍ፣ ከሰዓት ሌላ ጫፍ ሲመላለሱ አይቼ፣ ሕንፃዎቹን በየሰፈራቸው ሰብስቤ አዲስ ፕሮግራም አወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ አራቱም ሥራዎ በአንድ መንገድ ላይ እንደነበረ ልብ ብለዋል? እኔ ነኝ! ሌላም ብዙ ሐሳብ አለኝ። እንቅልፌን ሁሉ ሥራው ወስዶታል፤ እማዬ «ተኝተሽም ጣትሽ ይጽፋል» ትላለች።

አንድ ነገር ልንገርዎ። ሰከን ጽፋ ነበር። የጻፈችው ለእርስዎ ነው፤ ግን ለእርስዎ የሚመጣው ሁሉ የሚከፈተው እኔ ጋ ስለሆነ እኔው ጋ ደረሰ። ሐኪሙ ከወለደችም በኋላ መቆየት አለብሽ ስላላት ፈቃዷ እስከ ሚያዝያ እንዲራዘም ትጠይቃለች። መጨረሻው ላይ «ቦታዬ ይጠብቀኛል?» የሚል አለ።

በየደብዳቤው አትጠይቂኝ ስላሉኝ ከድሮ ደብዳቤዎችዎ የወደድኩትን ቃል ወስጄ ሰዓት ሳይሞላ በስምዎ መለስኩላት። እንዲህ ነው ያልኩት፦ «እህቴ፣ እንኳን ፈቃድ ጠየቅሽኝ። በምንም ነገር አትቸኩዪ። ጊዜ ወስደሽ አስቢበት፤ ዋናው ጤናሽ ነው። ሥራው ጥሩ እጅ ላይ ነው።» አላማረም? ስለ ቦታው ግን ምንም አላልኩም። እርስዎ ለእኔ ያላሉኝን እኔ ለእሷ እንዴት እላለሁ?

ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ካሁን ካሁን ይነግሩኛል እያልኩ መጠበቅ ከበደኝ። ጓደኞቼ «አገኘሽ?» ሲሉኝ «ለጊዜው» እላለሁ። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆማለች። ለዘለቄታው የሚሆን ነገር ካለ አንድ መስመር ይበቃኛል።

ጤናዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

ቶሎ


ታኅሣሥ 8

ለጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እኔ ደህና አይደለሁም።

መልስዎን ስጠብቅ ሰነበትኩ። እሱስ ይሁን፤ ግን ካላመኑኝ ፊት ለፊት ቢነግሩኝ ይሻለኝ ነበር። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ፣ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ስከፍት ያደሩት ደብዳቤዎች መልስ ተሰጥቷቸው አገኛቸዋለሁ። ያወጣሁት ፕሮግራምም ተነካክቷል። የአሥራ አንደኛው ፎቅ ሴትዮ፣ ያቺ ቁጡዋ፣ ሊፍቱ ቆሞባት «ከደረጃው ሥር ወንበር ይዤ ልኑር ወይ?» ብላ ለጻፈችው እንዴት ያለ ለስላሳ መልስ ሄዶላታል መሰለዎት! አንብቤ ቀናሁ። እሷም ቁጣዋን ትታ «አመሰግናለሁ» ብላለች። ለእኔ አንድ ቀን ብላኝ አታውቅም።

ከሁለት ቃል አላልፍም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ታዲያ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት? ሥራዬን ነጥቀው ከሚሠሩብኝ ስሕተቴን ቢነግሩኝ እታረማለሁ። ከጠዋት ጀምሬ ስንቆራጠጥ እማዬ «ወለሉን ጨረስሽው፤ ተቀመጪ ወይ ውጪ» አለችኝ።

ቶሎ


ታኅሣሥ 12

ቶሎ፣

ሰላምታውን በሆድሽ ያዢው፤ ዛሬ አልቻልኩም።

እኔ አይደለሁም። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወዲያው ለሰከን ደወልኩ። ባሏ አነሳ። እየሾከሾከ «በጎኗ ተኝታ፣ ኮምፒዩተሩን ትራስ ላይ አድርጋ ትሠራለች። ልቀበላት ስል ታለቅሳለች። ሐኪሙ ደግሞ እንኳን ሥራ ሐሳብም አያስፈልጋትም ብሏል» አለኝ። ፓስወርዱ እኮ ድሮም የእሷ ነው፤ ማንም አልቀየረው።

ከዚያ እሷ ስልኩን ተቀበለችው። «አለቃ፣ ያንን ደብዳቤ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ለእኔው ይላኩልኛል?» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ።

አንቺ አታውቂም፤ የነገረሽ የለም። እኔ ሰውን ፊት ለፊት «አልሠራልህም» ማለት አይሆንልኝም። አንዳንድ ሕንፃ አለ፤ ዕቃ ቀይሩ ብትያቸው አይሰሙ፣ ሊፍቱ ያረጀ፣ አንድ ቀን ሰው ላይ የሚወርድ። እንደዚህ ያሉትን ማሰናበት ሲያቅተኝ ሰከን ዘዴ አገኘችልኝ። «በምንም ነገር አትቸኩሉ። ጊዜ ወስዳችሁ አስቡበት» ብላ ትጽፍላቸዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፕሮግራማችን ይወጣሉ። እነሱም ቀስ ብለው ሌላ ጠጋኝ ይፈልጋሉ፤ ማንም ሳይቀየም እንለያያለን። እንዲህ አድርገን ስንቱን ሸኝተናል! አንቺ ያንኑ ቃል፣ እንዳለ፣ በእኔ ስም ላክሽላት። «ሥራው ጥሩ እጅ ላይ ነው» የሚለውንም ጨመርሽበት።

ሁሉም ያንቺ ጥፋት ነው አልልም። ስትሄድ «ቦታሽ ያንቺ ነው» ያልኳት እኔ ነኝ። ለአባትሽ ደግሞ «ልጅቷ ከበረታች እዚያው ትቀራለች» አልኩት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ወጥቼ ካላየሁት ብዬ ነው። ላንቺ ያልጻፍኩትም ለዚህ ነው።

አሁን «ቦታሽ አለ፣ ተኚ» አልኳት። «እሺ» አለች። በማግስቱ ጠዋት ሌሎች ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ተሰጥቷቸው ነበር። አላመነችኝም። ምን ታድርግ? ሰውን በጥሩ ቃል እንደማሰናብት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፓስወርዱን እንቀይርባት? ከቀየርነው የፈራችው ደረሰ ብላ ጭራሽ ይብስባታል። ካልቀየርነው ሕፃኑ ያለ ቀኑ ይመጣል። ገመድ ሲላላ ድምፁን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ይህን ግን አላውቅበትም። እስከ እሁድ ላስብበት። እስከዚያ ምንም እንዳታደርጊ። እባክሽ ልጄ፣ በዚያ በቶሎነትሽ እንዳትነሺ።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 14

ለተከበሩ ጋሼ፣

ወገብዎን ይማርልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው ያንብቡት።

እንዳታደርጊ ያሉኝን አድርጌአለሁ። እሁድ ሩቅ ሆነብኝ፤ እሷ በየጠዋቱ በጎኗ እየተኛች ትጽፋለች።

ነገሩን ሳገላብጠው አደርኩ። በስምዎ የሚጻፍላትን ሁሉ አታምንም፤ ስምዎን ስትጽፍበት የኖረችው እሷ ናት። ስልክም አላመነችም። ስለዚህ እርስዎም እኔም ብንፈልግ የማንሰርዘው ነገር አስፈለገ። ዛሬ ጠዋት ላሉን ደንበኞች ሁሉ፣ ለተቆጣጣሪዎቹም ለነዋሪዎቹም፣ ይህን ላክሁ፤ ለሰከንም ግልባጭ አደረግሁላት፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ላለፉት አራት ዓመታት ከዚህ አድራሻ የደረሷችሁን ደብዳቤዎች የጻፈችው የድርጅቱ ረዳት ናት። አሁን በወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ሚያዝያ 1 ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። እስከዚያ የምጽፍላችሁ ተተኪዋ እኔ ነኝ፤ በዚያው ቀን ሥራዬን አስረክባለሁ።»

ከሥሩ የእሷን ሙሉ ስም፣ ቀጥሎም የእኔን ጻፍኩ። ከዚህ የደብዳቤ ሣጥን ከእርስዎ ስም ሌላ ስም ሲወጣ የመጀመሪያው መሆኑ ነው፤ ጣቴ «ላክ» ላይ ትንሽ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ፓስወርዱን ቀየርኩ። ለእሷ ለብቻዋ እንዲህ አልኳት፦ «እኔ ቶሎ ነኝ። አትቸኩዪ ያልኩሽ እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አይደሉም፤ ያንን ቃል ለምን እንደምትጠቀሙበት አላውቅም ነበር። ቦታሽን ግን ፈልጌው ነበር፤ ይህንን አውቄ ነው የጻፍኩት። አሁን ቀኑን ሰው ሁሉ አይቶታል። በሩን የዘጋሁት እንድትተኚ ነው፤ ቁልፉን ሚያዝያ 1 በእጅሽ አስረክብሻለሁ።»

ለአባዬም ነገርኩት። «እኔን ሳትጠይቂኝ?» አለ። «እናንተስ ስትስማሙ እኔን ጠየቃችሁኝ?» ልል ብዬ ዋጥኩት። ምሳውን ጀርባውን ሰጥቶኝ በላ። እማዬ መኪናዋን እየረገጠች «እንግዲህ ስክሪኑ መንቀጥቀጡን ሊያቆም ነው ማለት ነው» አለች፤ ስትስቅ አላየኋትም።

ይቆጡ፤ ይሳደቡ። ከእሷ ግን እስካሁን መልስ የለም። በየደቂቃው እየከፈትኩ ነው።

ቶሎ


ታኅሣሥ 21

ለዚያች ለማትሰማው፣

እንደምን አለሽ? እኔ በደረጃ ነው ያለሁት። አዎ፣ በደረጃ! ከሰው ጋር ሊፍት ውስጥ ፊት ለፊት መቆም አፍሬ፣ ሊፍት ጠጋኙ ሰውዬ መሣሪያዬን ተሸክሜ ዘጠኝ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። የአሥራ አንደኛው ፎቅ ሴትዮ አግኝታኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አራት ዓመት ሙሉ፣ ይህ ሰው በጽሑፍ እንዲህ ጨዋ ሆኖ በአካል ምን ይነካዋል እያልኩ ስገረም ኖርኩ። ዛሬ ዐረፍኩ።» ፂማሙ ደግሞ «ታዲያ የእናቴን ጉልበት የጠየቀችው የትኛዋ ናት?» ብሎ ያዘኝ። «ተተኪዋ» አልኩት። «እሷን ሰላም በልልኝ፤ እናቴ ያለ ምርኩዝ እየሄደች ነው በላት» አለኝ። ይኸው ብያለሁ።

ተናድጃለሁ፤ እንዳልተናደድኩ አታስቢ። ስሜን ገፈሽ አደባባይ አቆምሽኝ። ቀኑ ግን ቀን ነው፤ ሚያዝያ 1 ሰከን ትቀመጣለች። እኔም ላጥፈው ብል ያ ሁሉ ሕንፃ አለብኝ። ለአባትሽ ደወልኩለትና «ቃሌን በላሁብህ» አልኩት። «ልጅቷ ናት የበላችብህ» አለኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን መዝጋት አቃተን።

ላንቺ ሌላ ወንበር የለኝም። አለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ጥሩ ቃል ምን እንደሚያደርግ አይተናል።

ከሰከን እኔም አልሰማሁም። እንዳትደውዪ። እንዳትጽፊ። ይህችን አንዷን እንኳ ስሚኝ።

ጋሼሽ


ጥር 3

ለተከበሩ ጋሼ፣

እግርዎ እንዴት ነው? ወደ ሊፍቱ ተመለሱ?

ሰምቼዎታለሁ። አልደወልኩም፣ አልጻፍኩም፤ ስልኬን በእማዬ የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ «አስቀምጪልኝ» እስከማለት ደረስኩ።

ፓስወርዱን በቀየርኩ ማግስት ሣጥኑ «በተሳሳተ ቁልፍ ለመግባት ተሞክሯል» የሚል ማስጠንቀቂያ ላከልኝ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። እያንዳንዷን ባነበብኩ ቁጥር ከአልጋዋ ቀና ስትል የማያት ይመስለኝ ነበር። በማግስቱም መጣ። ከዚያ አነሰ። ከዚያ ቀረ። ሲቀር ደግሞ ባሰብኝ፤ አምናኝ ተኝታ ነው፣ ወይስ ነገር ደርሶባት? ለሳምንት ያህል በዚህ ስቃጠል ሰነበትኩ።

ትናንት ከባሏ መጣ። «የላክሽውን አትሜ አልጋዋ ትይዩ ለጠፍኩላት። ኮምፒዩተሩን ራሷ አንሣልኝ አለች። ሴት ልጅ ናት፤ በቀኗ መጣች። ሁለቱም ተኝተዋል።» ከእሷ ግን ምንም መልስ የለም። በሕይወቴ መልስ ሳይመጣልኝ ቀርቶ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አባዬ እንኳ ዞር ብሎ «እንኳን ማረሽ በላት» አለ፤ ከተኮራረፍን የመጀመሪያ ቃሉ ናት።

እኔ? ማመልከቻ መላክ ጀምሬአለሁ። ሁለት «እናሳውቅሻለን» አግኝቻለሁ፤ ይህ ደግሞ በእነሱ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ማንን ልጠይቅ? ሌሊት የማስበው ሚያዝያን ነው፤ ስደርስበት ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ግን «ለጊዜው» ስል አሁን ጊዜው እስከ መቼ እንደሆነ ራሴ የጻፍኩት ነው።

ብዙ ልጽፍልዎ ነበር፤ አሁን ልነሳ ነው። የአሥራ አንደኛው ፎቅ ሴትዮ ሊፍቷ ሦስተኛ ላይ ቆሞ አልነሳ ብሏት እሳት ለብሳለች። ደብዳቤዋን የጀመረችው በእርስዎ ስም አይደለም፤ የእኔን ሙሉ ስም፣ እስከ አያቴ፣ አንድ ፊደል ሳትገድፍ ጽፋ ነው የምትቆጣኝ።

አክባሪዎ፣
ቶሎ